የሾላ ውሃ ማኅተም

ከደሴ ብርድ ወርጄ፣ ሐረጎን ተጠምዝዤ፣
ቀለሙ ያልደረቀ ዲግሪ በፌስታል ይዤ፣
ሾላ ውሃ ደረስኩ፣ ማናጀር ተብዬ፤
ገና በመጀመሪያው ቀን ጭቃ ውስጥ ቀረ አንዱ ጫማዬ።

ጠረጴዛ የለም፤ ወንበሬ ጆንያ፣
ጎረቤቴ መጋዘን፣ ሽታው ዩሪያ።
ሥልጣኔን ብትሉኝ፣ አንድ መዝገብ አለ፣
አይጥ ከየዳርቻው ስም ያጎደለ።
ማኅተሙ ግን የለም፣ እኔ ዘንድ አያድርም፤
አያ ሙሄ ኪስ ነው፣ ከሱረታቸው ጋርም፣
ከልጃቸው ክኒን፣ ከጥፍር መቁረጫ፣
ከበሬው ደረሰኝ፣ ከጤፍ ዘር ቁንጥጫ።

ሊቀመንበር ናቸው፤ ደመወዝ ግን የላቸው፣
ቢሯቸው ትልም ነው፣ ፋይላቸው በሬያቸው።
ፊርማ የፈለገ ባለጉዳይ ሁሉ
ዳር ቆሞ ይጠብቃል፣ በሬው እስኪዞር ድረስ ትልሙን ሙሉ።
ከዚያ እጅ ይጠረጋል በቁምጣቸው ጨርቅ፣
«ሃህ» ይሉበታል፣ ቀለሙ እንዳይደርቅ፤
የበሬው ጀርባ ላይ ወረቀት ዘርግተው
ዜጋ ያደርጉሃል፣ አንድ ጊዜ መትተው።

በግንቦት መጨረሻ፣ ማሽላው ሲዘራ፣
የጦይባ ልጅ ሰዓዳ፣ አግኝታ ሥራ
ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ሸሚዝ የሚሰፋበት፣
«ነዋሪ ናት» የሚል፣ ማኅተም ያለበት
ወረቀት ተጠይቃ በማለዳ መጣች፤
እናትየው ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበረች።

አያ ሙሄ ኪሳቸውን ዳሰሱ።
ክኒኑ አለ። ሱረቱ አለ።
ደግመው ዳሰሱ።

«መሬቱ በልቶታል» አሉ በዝግታ።
አምስት ጥማድ ሙሉ የታረሰ ቦታ!

ሕፃን ሽማግሌው በእንብርክክ ወጣ፤
ጓል የማይፈረክስ አንድም ሰው ታጣ።
እኔም ከመዝገቤ፣ ከጆንያዬ ተነሥቼ
ከሰዉ ጋር ፈለግሁ፣ አፈር ዝቄ፣ ነፍቼ።
የጃንጥላ እጀታ፣ የባትሪ ድንጋይ፣
አንድ ጥርስ አገኘን፣ የማን ይሁን የማይለይ።
ማኅተም ግን የለም።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቀበሌው ዲዳ ሆነ፤
ሰርጉም፣ ሞቱም፣ ልደቱም በቃል ተከወነ።
በአምስተኛው ሌሊት እብሬና አበጋዝ
ለሽንኩርታቸው ውሃ አካፋ መማዘዝ!
ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ ክስ ነው ባለ ቁጥር፣
ወረዳ ቀጠሮ፣ ከሰኔ እስከ ጥር።
ያኔ ማን ያትማል? የውሃው አባት ሲራጅ
ባትሪ ይዘው መጡ፣ ዝም አሉ እንደ ወዳጅ፤
መገንጠያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣
ባዶ እግራቸውን ቦዩ ውስጥ ከትተው፣
«ይህ እግሬ እስኪደነዝዝ የእብሬ ነው» አሉ፣
«ሌላውን ስነክር፣ አበጋዝ፣ ያንተ ነው ሁሉ።»
ኋላ ሳል ያዛቸው። ሽንኩርቱ ግን ጠጣ።
ደብዳቤ አልተጻፈም። ይግባኝም አልመጣ።

እንዲህ ስል ግን ማኅተም እንዳይመስላችሁ ከንቱ፤
ሰዓዳ በየቀኑ፣ ተጫምታ በጠዋቱ፣
«ተገኘ?» ትላለች። ፋብሪካው አይጠብቅ፤
የሲራጅ እግር ደግሞ ኮምቦልቻ አይታወቅ።

በአሥረኛው ቀን ዘነበ። አፈሩን አጥቦት፣
የጎረቤት ዶሮ ጭራ አወጣችው፣ ጥሬ መስሏት።

አያ ሙሄ «ሃህ» አሉ። በሬው ጀርባ ላይ መቱ።
ክቡ ወጣ፣ ሰማያዊ፣ ግማሹ እርጥብ።
«ሾላ» ይላል።
ከጎኑ ባዶ።
«ውሃ» የሚለውን ጭቃ ደፍኖታል።

ሦስት ዓመት ለቦዩ ሲሚንቶ የለመንን ሰዎች
እርስ በርስ ተያየን። አበጋዝ ብቻ ሳቀ።

የግራር እሾህ ቀጠፍሁ፣ ፊደሉን ጠረግሁ፤
መጀመሪያ «ው» ወጣች፣
ከ«ሃ» ሁለት እግሮች መካከል ግን
አንዲት የጤፍ ፍሬ፣ ዝናቡን ጠጥታ
ክር የምታህል ነጭ ሥር ሰድዳለች።

እሾኼን ይዤ ቆምሁ።

«እቴ ማናጀሯ» አለች ሰዓዳ፣
ጫማዋን ከጭቃ እየነቀለች፣
«ቶሎ በይ እንጂ፣
ባጃጁ ሊሄድ ነው።»