አንሶላ የተሰጣበት ሜዳ

ኢንቨርካሪ ከባቡር ወርጄ፣ ጨው የበላውን በር ገፍቼ ስገባ፣
ሜዳው ተዘርግቷል ከባሕሩ ጥግ፣ እንደ አሮጌ ካባ፤
እዚህ ጎርበጥ ብሎ፣ እዚያ ሰርጎድ ያለው፣
ሰው ያልደለደለው፣ ነፋስ ጠርቦ የጣለው።

ሽማግሌው ቶርኪል የዱላ ከረጢቴን ነጥቆ፣
ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ጉሮሮውን ጠርቆ፣
«ይህን የአሸዋ ጉድጓድ መሐንዲስ አይደለም የቆፈረው፤
በግ ነው፣ ከነፋስ ሲከለል፣ ተኝቶ የቦረቦረው።
እኛማ ኋላ መጣን፣ ኳሳችንን ይዘን፣
በግ በተኛበት ገብተን ልንራገም፣
ለዚያውም ከፍለን።»

ከመጀመሪያው ሜዳ ዳር ገመድ ተወጥሯል፤
ሁለት አንሶላ፣ አንድ የትራስ ልብስ፣ የልጅ ካልሲ ተሰቅሏል።
ስሙን ስሰማው የኖርኩት፣ ዓመት ያጠራቀምኩለት ሜዳ
ካልሲ ይቀበለኝ? እንደ ጎረቤት እንግዳ?

ቶርኪል ገባው። «ሕግ ነው» አለኝ፣ «የጥንት፣ የማይደፈር፤
ሜዳው ከጎልፉ በፊት የአጣቢ ሴቶች ነበር፤
ልብስ ማስጫ ነው የሚለው ብራና ዛሬም አለ፣ ማን ደፍሮት ሊሽር?
ኳስህ አንሶላ ከነካ፣ ያለ ቅጣት ትደግመዋለህ፤
ዝናብ ከጣለ ግን፣
ዱላህን ትተህ ልብሱን ታስገባለህ።»

ሰባተኛው ጋ ስንደርስ ቆቡን አወለቀ።
በጣቱ ባሕሩን አሳየኝ፤
ማዕበል ሄደ፣ መጣ፣ ዐለት ላይ ደቀቀ።
«አሮጌው ሰባተኛ ያ ነው፤
አባቴ የተጫወተበት። አሁን ሣሩን የሚያጭደው ዓሣ ነው።
በየክረምቱ አንድ እርምጃ፣ አንዳንዴም ሁለት ይወስዳል፤
ነጥብ የሚጽፍለት አጣ እንጂ፣ ባሕሩ እየመራን ሄዷል።»

መታሁ።
ኳሷ ከፍ አለች፤ ነፋሱ መሐል መንገድ ላይ ሐሳቧን አስቀየራት፤
ወደ ግራ ዞረች፣ ተንከራተተች፣
ውሃው ተቀበላት።
ቶርኪል አልሳቀም። አንገቱን ነቀነቀ፣
«ግሩም ምት» አለኝ፣ «በአባቴ ጊዜ ቢሆን።»

ዘጠነኛውን ሳንጨርስ ሰማዩ ጠቆረ፤
ጠብ፣ ጠብ።
የሰባ ዓመቱ ሰው እንደ ጥጃ ሲፈተለክ፣ ከረጢቴ ሣር ላይ ቀረ።
እኔም ተከተልኩት።
አንሶላው በነፋስ ተወጥሮ ፊቴን በጥፊ አለኝ፤
ወይዘሮ ኢሶቤል አንዱን ጫፍ ይዛ፣ ሌላውን ሰጠችኝ።
«ዱላ እንደምትይዘው አትያዝ» አለችኝ፣ «እሱንማ በመስኮት አየሁህ።»
ወደ እሷ አንድ እርምጃ፣ ወደ ኋላ አንድ፤
ጫፍ ከጫፍ አገጣጠምን፤
ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል፣ ጨርቁ ጨው ጨው ይሸታል፤
በሩን በክርናችን ገፋን።

ማታ በባቡር ውስጥ የነጥብ ወረቀቴን አወጣሁ።
ሰባተኛው ጋ ቶርኪል ባዶ ትቶታል።
ዘጠነኛው ጋ፣ በተንጋደደ እጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ፦
ልብስ አስገብቷል።