ባለ ቁልፍ

ኦረስት በቁልፉ ብሎን ይፈታል፤
የኔ ቁልፍ ቃል ነው፤ አይጨበጥም እንጂ ይከፈልበታል።
«ቧንቧ ጥገና ኤድመንተን»፦ ይኸው ነው አደራው፣
በአንድ ገጽ ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ እንድዘራው፤
በርዕሱ አንዴ፣ ከሥዕሉ ሥር አንዴ፣ በመግቢያው ሁለት፣
የቀረውን እንደ ጨው ነስንሼ ከጽሑፉ ሆድ እንድከት።

ለሰው ነው የምጽፈው ብዬ እንዳልኮራ፣
ከሰው በፊት የሚያነበኝ አለ፣ ሲቆጥር የሚያድር፣ ስም የማይጠራ፤
ዓይን ሳይኖረው ያያል፣ ሌሊት አይተኛ፣
ሰልፍ ያስይዛል፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ አርባ አንደኛ።
እኛ አርባ አንደኛ ነን።
ሁለተኛው ገጽ እንኳ በረዶ የዋጠው ጓሮ ነው፣ ዱካ የለበትም፤
አምስተኛው ላይ ያለ ቢጮህ ጎረቤት አይሰማም።

ኦረስት ግን ገጽ ነበረው፤
ብርድ ያቀላው፣ ጺሙን ውርጭ የሰፈረበት፣
በመቶ አሥራ ስምንተኛው ጎዳና
ልጅ አዋቂው ከሩቅ የሚለየው።
እሱ አይበቃም አሉት።
ሰው በገጹ ይታወቃል ሲባል
ሌላ ገጽ ኖሯል ለካ።

ጻፍኩ። «ቧንቧ ጥገና ኤድመንተን ሲፈልጉ
ከቧንቧ ጥገና ኤድመንተን ሌላ ለቧንቧ ጥገና ወዴት ይሮጣሉ?»
መልሼ አነበብኩት።
ላም እንኳ ስታመሰኳ መሃል ላይ ትውጣለች።

ጥር ገባ። ሠላሳ ስምንት ከዜሮ በታች።
የሳስካችዋን ወንዝ ድምፁን ውጦ ተኛ፤
በየግድግዳው ውስጥ ቧንቧ ይሰነጠቃል።
ጠዋት ጠዋት ሰው ሌሊት ሲፈልግ ያደረው ተዘርዝሮ ይደርሰኛል፣
ያለ ስም፣ ያለ ፊት፣ ቃሉ ብቻ።
አንዱ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፦
«ውሃ ከኮርኒስ እየወረደ ነው ባሌ የለም እንዴት ነው የሚዘጋ»
ፊደሉ ተገድፏል። ነጥብ የለው፣ ኤድመንተን የለው።
የሚንቀጠቀጥ እጅ ቁልፍ ቃል አያውቅም።

አሥራ ሁለቱንም አጠፋሁ። ይህን ብቻ ጻፍኩ፦
ወደ ምድር ቤት ውረጂ።
ከመንገድ በኩል ካለው ግድግዳ የሚወጣ ወፍራም ቧንቧ አለ፤
ክብ እጀታ አለው፣ ምናልባት ዝጓል።
ወደ ቀኝ አዙሪው። እምቢ ካለ በፎጣ ያዢው።
ውሃው መብራት ሶኬት ደርሶ ከሆነ ግን አትርገጪው፣ ከቤት ውጪ።
ከዘጋሽ በኋላ ቁጭ በይ። ይነጋል።

በሦስተኛው ሳምንት አንደኛ ወጣን።
ያ ቆጣሪ ምን እንዳየበት እሱ ይወቅ።

ኦረስት ጓንቱን ሳያወልቅ መጣ።
«ገጹን ሰው አጥለቀለቀው አልሽኝ፤ ስልኬ ግን ጭጭ!
ሁሉም ራሱ ዘግቶ ይተኛል።
ቁልፌን በነጻ አደልሽው እኮ!»
መልስ አልነበረኝም።
ወንበር ስቦ ማንበብ ጀመረ፣ በጣቱ እየተከተለ፣
በረዶው ከጫማው እየቀለጠ ምንጣፌን እያበሰበሰው፤
ወረደ፣ ወጣ፣ እንደገና ወረደ።
«ይሄ ልክ አይደለም» አለ።
«አዲስ ቤት ከሆነ እጀታው ክብ አይደለም፣ ዘንግ ነው።
ቧንቧውን ሲያቋርጥ ተዘጋ ማለት ነው። ይህን ጨምሪ።»
ጨመርኩ።
«አሥራ ሁለቱስ?» አልኩት።
በሩን ይዞ ትንሽ አሰበ።
«አንዷን ከታች ጣል አድርጊያት፤ ለነፍስ ያህል።»

በማግስቱ ዝርዝሩን ከፈትኩ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል፣ አንድ መስመር፦
«ዘግቻለሁ አሁንስ»
እዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ይጻፋል፣
ማዶ የሚሰማ ሰው እንዳለ።
ከነካፖርቴ ተቀመጥኩና
ሁለተኛውን ገጽ ከፈትኩ።