ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት

ድሬ ቀኑን ሙሉ ሰማይዋ ነዶ ነዶ፣
አመሻሹ ላይ ነው ነፋሱ የመጣው ከጋራው ተንዶ።
ከደቻቱ ሆድ ላይ አሸዋ ዘግኖ፣
የከዚራን ዛፎች ቅጠል በትኖ፣
መጣ ወደ ጦር ግቢው፣ ወደ ሽቦ አጥሩ፤
«ቁም! ማነህ!» ቢለውም ዘበኛው ከበሩ፣
የይለፍ ቃል የለው፣ ፉጨት ነው ምስጢሩ።

እኔና ወርዶፋ በጀርባ ደገፍን የሃንጋሩን መዝጊያ፤
ቁመቱ ሦስት ፎቅ፣ የእኛ ወገብ መወርወሪያ።
ጮኸ በጆሮዬ፣ ድምፁን አቧራ በላው፦
«በሩን ከለቀቅን ጣራውን እርሳው!
ነፋስ እንደ ሰው ልጅ በገባበት አይወጣም፤
ጣራ ተሸክሞ ይሄዳል፣ መልሶም አያመጣም።»

ነግሯቸው ነበረ። ካች አምና በሚያዝያ፣
ስድስት ገጽ ጽፎ፦ እዚህ ጋ ብሎን ላልቷል፣ እዚህ ጋ ዝጓል ማሰሪያ።
መልሱ በአንድ መስመር፣ ማኅተም አርፎበት፦
«በጀት ሲለቀቅ ይታያል።» ፋይሉ ተዘጋበት።

ውስጥ ደግሞ ያ አውሮፕላን፣ አንድ ሞተሩ ወልቆ፣
ሆዱ ለጥገና እንደ ዕቃ ጓዳ ተፈልቅቆ፣
ገመዱን ወጠረ። ክንፍ ምን ያውቃል ስለ ቤት?
ነፋስ ሲነካው መነሣት ነው የተማረው ትምህርት።
ስንት ማዕበል ሰንጥቆ በላይ የሄደ ጀግና፣
እዚህ፣ በገዛ ቤቱ፣ አፍንጫውን አነሣና
እንደ ታሰረ ወይፈን ከምሰሶው ተላተመ፤
ቀኝ ክንፉ ታጠፈ፤ ግራው ሰማይ ተመኝቶ ቆመ።

ከዚያ መወርወሪያው ለቀቀ፤ ማለቴ እኛ።
ወደቅን በሆዳችን፣ ሁለት ደመወዝተኛ።
ጣራው እንደ ወረቀት አንድ ሁለቴ ተንፈራፈረ፣
በሦስተኛው አልነበረም። ጸጥታ ብቻ ነበረ።
ወርዶፋ በጀርባው ዞሮ፣ ግንባሩ ላይ ደም ደርቆ፣
ከዋክብት ቆጠረ፤ ትንፋሹ እስኪያልቅ ስቆ፣
«ይታያል ብለው ነበር» አለኝ።
«ይኸው ይታያል።»

በነጋታው ቆርቆሮ ፍለጋ ሳቢያን ድረስ ወረድን፣
የንብረት ክፍሉን ሰው ይዘን። አርባ አንዱን ዛፍ ላይና ቦይ ውስጥ አገኘን።
አርባ ሁለተኛው የፈርዶሳ ፍየሎች ጣራ ሆኖ አደረ፤
በስምንት ድንጋይ ተጭኖ፣ ከእኛ ብሎን ይልቅ ጠብቆ ነበረ።
«ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት ንብረት ከግቢ አይወጣም» ቢላት፣
«ነፋሱ ማታ ያልፋል፣ አስፈርሙት» አለችና ፍየሏን አለበቻት።
ሰውየው እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ፣ የሚጽፈው ጠፍቶት።
ወርዶፋ ግን ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን ቆጠረ።
ስምንት።