ከጠጉር የሳሳ

ኪል፣ ከወደቡ ዳር፣ ባሕሩ እርሳስ መስሎ፣
የመርከብ ክሬኑ በጉም ውስጥ ግማሽ ጎኑ ጎድሎ፣
ቪብከ ትገባለች፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣
ቅንጣት አቧራ እንኳ ከእሷ እንዳትነሣ።

እዚህ ቤት ወለሉ ከወተት ይነጣል፣
አየሩ በወንፊት ተጣርቶ ይወጣል።
በመሐል አንድ ጋን፣ ከማይዝግ ብረት፣
መስኮቱ እንደ ዓይን፣ ክዳኑ ባለ ክብደት፤
ሌሊቱን በሙሉ አየሩ ሲመጠጥ ያደረ፣
ሆዱ ውስጥ ምንም የሌለ፣ ምንም ያልቀረ።

ከዚያ ጥቂት አርገን፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ ጉልበት፤
ወይን ጠጅ ውጋጋን፣ ነበልባል የሌለው እሳት።
ኒኬልና ቲታንየም በአቶም በአቶም ይበናሉ፣
እንደ ካፊያ ሳይሆን፣ እንደ ሌሊት ጤዛ ሳይሰሙ ይተኛሉ።

ከሥር ስስ ብረት፣ በላዩ መዳብ፣ ደግሞ ስስ ብረት፤
ጠርዙ የተዘጋ ኪስ ነው፣ ገና ያልተከፈተ፣ ገና ጠፍጣፋ ፖስታ ዓይነት።
አሲዱ ሲመጣ መሐሉን መዳብ ይበላዋል፤
ሰሙ ቀልጦ ሲሄድ፣ ባዶውን የታቀፈ ወርቁ ይቀራል።
አንጥረኛ ቢያየው ራሱን ይነቀንቅ ነበር፦
«ሰሙንስ አወቅሁት፤ ወርቁ ነው ያልታየኝ። ምን ይሉታል ይህን ምስጢር?»

ኅዳር ውስጥ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ፕላስተር ለጥፋ ስትስብ፣
የሽንኩርት ልጣጭ መስሎ ተነሣ ብረቱ፤ ቆመ የእሷም ልብ።
አለቃዋ ላምፐ፦ «ከአርባ አንድ ነው፤ እሱን ጣይው።
ሠላሳ ዘጠኙ ደህና ነው፤ ዓርብ ይሄዳል፤ እሸጊው።»

ዝም አለች። ታውቀዋለች ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ፦
እሑድ ማታ፣ ልጇ ሊዝቤት ትኩሳት ይዟት፣ ቶሎ ልትወጣ፣
ጋኑ ገና ሳይጠራ፣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣
ቁልፉን ተጫነችው።
ሁለት ሰዓት ብቻ። ማንም አልጠየቀ፣ ማንም አላየ።
የቀረው ትንፋሽ ግን በድርቡ መሐል ገብቶ ቆየ።

«አርባውንም» አለች። «አርባውንም ልጣል። የእኔ ነው በደሉ።»
ላምፐ የመለሰውን አልጽፈውም፤ ረጅም ነበር ቃሉ።
አርባ ኪስ፣ ተደምሮ ከአንድ ደረቅ ቅጠል የቀለለ፣
መጣያው ውስጥ ሲወድቅ ኮሽ እንኳ ሳይል ዝም አለ።

ከባሕሩ ማዶ፣ ዴትሌፍ ኢቨርሰን፣ የመርከብ በያጅ የነበረ፣
አርባ ዓመት፣ አራት ጣት የወፈረ ብረት ሲሰፋ የኖረ፣
ሆዱ ውስጥ ደም ቅዳው እንደ አሮጌ ጎማ አብጦ፣
ሐኪሙን ይጠይቃል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፦

«ውፍረቱ ስንት ነው?»
«የጠጉር አሥረኛ።»
ሳቀ። ሳቁ በሳል ተቋረጠ።
«እኔ የሰፋሁት አራት ጣት ነበር። እሱም ዝጎ ሰመጠ።»

በጭኑ በኩል ገባ፣ ታጥፎ፣ ከእስክሪብቶ ቀፎ ቀጥኖ፤
የደሙ ሙቀት ሲነካው ቅርጹን አስታወሰ፣ ተከፈተ፣ ቱቦ ሆኖ።
ደሙም እንደ ልማዱ አለፈ፣ ልዩነት ሳይሰማው፣
የሚያልፍበት ብረት መሆኑን ሳይነግረው ማንም ሰው።

መጋቢት ላይ፣ በጀልባ። ነፋስ ነው፤ ጀልባዋ ትናጣለች።
አይተዋወቁም። ቪብከ ለሊዝቤት ዳቦ ትቆርሳለች።
ሽማግሌው የመደገፊያውን ብረት፣ የብየዳውን ጠባሳ፣
በአውራ ጣቱ ይከተላል፣ የታመመ ልጅ እንደሚዳብስ፣ እየሳሳ።

«መጥፎ ስፌት» ይላል፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለውሃው።
«ቸኩሎ ነው፣ ይህን የሠራው።»

ቪብከ ቀና አለች፣
ቁራሹን እንደ ያዘች።