ቁልፉን ሳስረክብ

እንካ ቁልፉን እንድሪስ፣ ማንጠልጠያው ክር ነው፣
አሥራ ሰባት ዓመት ኪሴ ውስጥ ያረጀው።
ነዳጁ ከግማሽ በላይ ነው፣ ጎማው አምና ተቀይሯል፣
የግራው መስታወት ብቻ ዳገት ላይ ይንቀጠቀጣል።
ሦስተኛ ማርሽ ታንገራግራለች፤ አትታገላት፣ ጠብቃት፣
እንደ አማት ናት እሷ፣ በጨዋ ደንብ ቅረባት።

ይህን ይህን ስምሪት ክፍሉ በወረቀት ይሰጥሃል፤
እኔ የምነግርህ ሌላ ነው፣ ከወረቀቱ ቀርቷል።

ይህቺ ሳይረን ትእዛዝ አይደለችም፤ ልመና ናት፣
«ስለ ነፍስ አሳልፉኝ» ትላለች፣ ሌላ ቃል የላት።
ለማኝ ደግሞ «ስለ ማርያም»ም ይበል «ስለ ነቢ»፣
ደጅ ይቆማል እንጂ አይደለም በር ሰብሮ ገቢ።
ቅድሚያ ከሰጡህ ያንተ ነው፤ ካልሰጡህ የነሱ ነው፣ አበቃ፤
መስቀለኛው ላይ ቁም፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ ከዚያ ሂድ በቃ።

ሰው ጩኸት ሲሰማ ይደነግጣል፣
አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይሮጣል፣
ባጃጁ ወደ ግራ፣ አይሱዙው ወደ መሃል፣
ጆሮው የከዳው ሽማግሌ ቀስ ብሎ ይሻገራል።
ገበያ ቀን ደግሞ አህያ አለ፤ አህያ ሳይረን አያውቅም፣
ጤፍ ተጭኖ መሃል ከቆመ፣ ደንቡን ብታነብለት አይነቃነቅም።
ሁለት መኪና ከተከታተላችሁ ራቅ በል፤ ፊተኛዋን ያሳለፈ
ኋለኛ አለች ብሎ አያስብም፣ መንገድ ይገባል «ተገላገልኩ፣ አለፈ!»

ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ፣ ፊትህ ነጭ ግድግዳ፣
መብራትህን ዝቅ አድርግ፤ ከፍ ያለው ያንተኑ ዓይን ነው የሚጎዳ።
ቁልቁለቱን በፍሬን አትውረድ፣ በማርሽ ያዛት፣
ፍሬኑ ከሸተተህ ወዲያ ጸሎት ብቻ ነው የቀረላት።
ጥምዝ ላይ አትቅደም። «ልትሞት ነው» ቢሉህም።
አምቡላንስ መሆን ከጥምዙ ወዲያ ያለውን አያሳይህም።
ከኋላህ ነርሷ ጦይባ አለች፣ አንድ እጇ ግሉኮስ ላይ፣ ቆማ፣
በኃይል ታጥፈህ፣ ጩኸቷን ከበሽተኛው ቀድመህ እንዳትሰማ።

«ቶሎ!» ይሉሃል በስልክ። ሁሉም «ቶሎ» ነው የሚለው።
እኔም ብያለሁ አንድ ጊዜ።

ጥሪው ከኩታበር ነበር። ምጥ፣ ሁለተኛ ቀኗ።
ቦሩ ሜዳ ሳልደርስ ከቀኝ ባጃጅ ብቅ አለ።
አይቶኛል ብዬ ነዳሁ።
ልጁ ሬዲዮ ከፍቶ አብሮ እየዘፈነ ነበር።

ክንዱ ተሰበረ፣ ዳነ። ዛሬም ያሽከረክራል፤
መንገድ ላይ ሲያየኝ ጥሩንባ ይነፋልኛል።
የኔዋ ግን ቦይ ውስጥ በጎኗ ተኝታ፣
መብራቷ እየተሽከረከረ፣ ጩኸቷ አልዘጋ ብሎ፣
ለራሷ ትለምን ነበር።
ሌላ መኪና እስኪላክ አርባ አምስት ደቂቃ።
አርባ አምስት ደቂቃ አንዲት ሴት ደጅ ላይ፣ ቃሬዛ ላይ፣
ጆሮዋን ወደ መንገዱ አድርጋ።

ስሟን አውቃለሁ። አልነግርህም።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ያ ሁሉ መክነፍ
ያተርፍልኝ የነበረው ሦስት ደቂቃ ነው።
ሦስት ልቆጥብ አርባ አምስት ከፈልኩ፣ ያውም ከሰው ኪስ።
ከደረስክ አምቡላንስ ነህ፣
ካልደረስክ ጩኸት ነህ፣ እንድሪስ።

ሌላ ምን ቀረ... በሽተኛውን ካወረድክ አጥፋት።
ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ሳይረን እንዳትነፋባት፤
እንደ ሰው ሁሉ ተሰለፍ። ይህን ያስለመደን አንድ ጓዳችን ነበር፣
ሕዝቡ ለእውነተኛው ጥሪም መንገድ መልቀቅ ትቶብን ነበር።

ይኸው፣ ስልኩ ጠራ። ከየት ነው? ከሐይቅ መንገድ?
ሂድ በል፣ ጦይባ ገብታለች።

እንድሪስ!

ቀበቶህን።