የግራ እጅ አገር

መዝገቡ የባቡር ነው፤ የጭነት መዝገብ፣
ጠርዙን ምስጥ ቀምሶ የተወው ሳይጠግብ።
ጋሽ ረሺድ የጣቢያው መጋዘን ሲጠረግ
በሁለት ኪሎ ዘይቱን አወጣው በማዕረግ።

አምዶቹ እንዳሉ ናቸው፤ ላኪና ተቀባይ፣
ክብደትና ጉዳት፣ በፈረንሳይኛ ከላይ።
ከመጽሐፍ የተገነጠለ ሥዕል፣ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት፣
እንደ ጨው ጆንያ እየጫንኩ በየመስመሩ ስሞላበት
ይኸው ሦስተኛ ክረምቴ።

ከዚራ፣ ከሰዓት በኋላ። ደንቡ አጭር ነው፦
ማራገቢያ አይከፈትም፣ ወረቀት ይበራል፤
ላብ አይንጠባጠብም፣ ቀለም ያደበዝዛል።

ቁጥር ሰባት። ላኪ፦ ሙሴ ዲክራን፣ ምስማር ሻጭ።
አንድ ኪሎ ምስማር ጠቅልሎበት ነበር፤
አራት ቦታ የተበሳው መርከብ ዛሬም ውኃ ያስገባል።

ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ። «ጅብ» ይላል ከሥሩ፤
ፊቱ ግን የበግ ነው፣ የሰው ነው ከንፈሩ።
ቀራጩ ጅብ አላየም፣ አንድ ሌሊት ሐረር አላደረ፤
በሰማው ወሬ ላይ ጆሮ ጨመረ።

ሃያ ስድስትን ደቻቱ ሞልቶ ገብቶበታል፤
ጭቃው የዛፉን ግማሽ ወስዶ ሌላ ግማሽ ሥሎበታል።
ላጥበው ስል ከለከለኝ። «ወንዙም ቀራጭ ነው» አለ፣
«ስሙን ጻፊው።»

አንድ ቀን የዋንዛ ጉማጅ ይዞ መጥቶ አስተማረኝ፦
«የተፋቀው ነጭ ይወጣል፣ ያልተነካው ጥቁር፤
ጠራቢ የሚቆርጠው ብርሃኑን ነው፤ ጨለማው ቀድሞም ነበር።
ደግሞም እንጨት መስታወት ነው፤ ቀኝ ያልሽው ግራ ይሆናል፤
ያልተጠነቀቀ ቀራጭ አገር ይገለብጣል።»

ቁጥር አርባ ሦስት እሱ ነው። የተገለበጠው።
የሐረር በር፣ ግንቡ ወደማያውቀው ጎን ታጥፏል፤
በረኛው ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ታጥቋል።
ከበሩ ሥር ስድስት ሰዎች አንድ ገበታ ከበው
በግራ እጃቸው ይበላሉ፣ ስድስቱም።
ያለ ኀፍረት። አንዱ እንዲያውም ጎረቤቱን ያጎርሳል።

ጋሽ ረሺድ እስኪያስለው ሳቀ። «እናቴ ብታያቸው
በማማሰያ ነበር እጃቸውን የምትላቸው!»
የመላጫ መስታወቱን አምጥቶ ፊት ለፊት ያዘ፤
በሩ ቦታው ገባ፣ ጎራዴው ወደ ግራ ተጓዘ፣
ስድስቱም ጨዋ ሆኑ። ከሥር ያለው ጽሑፍ ግን ዞረ፤
ፊደል ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ቀረ።
«አየሽ» አለ፣ «አንዱን ስታቀኚ ሌላው ይጣመማል።»

እኔ አልሳቅኩም።

ግራኝ ነኝ። ቃሉ በዚህ አገር ከእጅ ይረዝማል።
እናቴ ግራዬን በነጠላዋ ጫፍ ከወገቤ አስራ
ቀኜን ታስለምድ ነበር፤ እሱ ሲያፈስ፣ እሷ ስትጠርግ፣ እኔ ስፈራ።
መምህር ቦጋለ በማስመሪያ። ጠመኔው ሁለት ሆኖ።

አሁንም ጋሽ ረሺድ ሲያየኝ በቀኜ ነው የምጽፈው፣
ፊደሌ ጎርፍ ያንከባለለው ድንጋይ ነው፤
እንቅልፍ ሲጥለው ብዕሩን አሻግረዋለሁ።
ባለፈው መዝገቡን ሲያገላብጥ ቆየና
«ከሠላሳ ቁጥር ወዲህ» አለኝ፣ «ጽሕፈትሽ አማረ፤ ምን በላሽ?»
እጄን ከጠረጴዛው ሥር ሸሸግኩ።

ዛሬ ለአርባ ሦስት ረድፍ ከፈትኩ።
ላኪ፦ ስሙ ያልታወቀ፣ አንድ የረሳ ሰው።
ተቀባይ፦ እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ።
ከዚያ የራሴን ስም ጻፍኩ።
ክብደት፦ ከላባ ጥቂት የሚበልጥ።

ጋሽ ረሺድ ያንኮራፋል። ዝንብ አለ። ብዕሩ በግራዬ ነው።
በደንቡ መሠረት «ተገልብጧል» መባል አለበት።
ከበሩ ሥር የሚያጎርሰው ሰውዬ
እጁን ገና አላወረደም።

ጉዳት፦ የለም።