ገልብጪው

«ያምናውን ገልብጪው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣
በር ላይ እንደ ቆመ፣ ቁልፍ ይዞ በእጁ።
ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በመርሳ ቀትር ሙቀት
ያልበዋል እንደ ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት።

ክፍት የሥራ መደብ፦ የውሃ ሞተር ተቆጣጣሪ።
ብዛት፦ አንድ። ደመወዝ፦ በስኬሉ መሠረት።
ተፈላጊ ችሎታ፦ ዲግሪ ያለው፣ ኮምፒውተር የሚችል።

ከሞተሩ ቤት ያለው ናፍጣ ነው፣ ግሪስ፣
ጨርቅና መፍቻ፣ ሌሊት ደግሞ ዘበኛው እንድሪስ።

አምና ይህን መስፈርት ያሟላው ልጅ መጣ፤
ወረቀቱ ሙሉ፣ ስሙ አንደኛ የወጣ።
ዓርብ ዓርብ ግን ማታ ወልድያ ይገባል፤
ሞተር ቅዳሜ ነው ብሎ መቼ ያርፋል?

በጥቅምት አንድ ሌሊት ድምፁ ተለወጠ፤
እንድሪስ ከእንቅልፉ ነቅቶ አደመጠ፤
«ጉሮሮው ደርቋል» ብሎ ሮጦ አጠፋው፤
ሪፖርቱን ሰኞ ነው ባለዲግሪው የጻፈው።
አሁን ደሴ ተዛውሯል። በዕድገት።

ሰረዝኩ። ዲግሪውን ሰረዝኩ። ኮምፒውተሩንም።
«ጆሮ ያለው» ብዬ ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። ጆሮ የሌለው የለም።
«ታታሪ የሆነ»፦ ማን ሰነፍ ነኝ ይላል?
«በቡድን የሚሠራ»፦ ሌሊት ብቻውን ነው፣ ከማን ጋር ይሠራል?

በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦
አንድ ነገር አላልተን እንዘጋለን በሩን፤
አመልካቹ ከውጭ ቆሞ ይንገረን ነገሩን።
ይህ ከመቶ ስድሳ። አርባው መፍታት፣ መግጠም።
ልምድ፦ ሁለት ዓመት፤ በደብዳቤም በሰው ምስክርም።

ለእንድሪስ ልክ ሰፋሁት እንዴ? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።
የለም። ሞተሩን ነው የለካሁ።

አስኪያጁ አነበበው። «ይኸማ ለእህቴ ልጅ…»
ጀመረና ተወው። ቁልፉን አቃጨለ። ፈረመ።

ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሁልጊዜ እንድሪስ ነው፤
ሙጫውን በብሩሽ ቀብቶ፣ በመዳፉ ዳብሶ አስተካከለው።
ወጥቼ አየሁት።
ማኅተሙ ከላይ፣ ርእሱ ከታች።
ገልብጦታል።

መርሳ ላይ ተቀምጬ አንድ መስመር መርሳቴን
ያኔ ነው ያወቅኩት፤ ካምናው ሳልሰርዝ የቀረችዋን፦
«ማመልከቻ በራስ እጅ ጽሑፍ ብቻ።»

«ተጣመመ እንዴ?» አለኝ፣ ብሩሹን እንደ ያዘ።
«አያ እንድሪስ» አልኩና ቃል አጣሁ፤
ሙጫው ሳይደርቅ ወረቀቱን ከጥጉ ያዝኩ።

መልሴን አልጠበቀም።
ፊቱን ድንገት ወደ ሞተሩ ቤት አዞረ።
እኔ ምንም አልሰማሁም።